የለጋሾች መናበብና ድህነት ቅነሳ በወሎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለዓመታት በአንድ የወሎ ደጋ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ሰው እስከ ዛሬ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ መልሻለሁ።

የለጋሾች ቅንጅት ሲባል ምን ማለት ነው?

እርዳታ የሚሰጡ መንግሥታትና ድርጅቶች በየፊናቸው ከመሮጥ ይልቅ ተነጋግረው፣ በአንድ አገር ዕቅድ ሥር ገብተው ሲሠሩ ነው። ማን የት እንደሚሠራ ይከፋፈላሉ። የሚችሉት ገንዘባቸውን አንድ ቋት ውስጥ ያስገባሉ። የማይችሉት ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓይነት ሪፖርት ይቀበላሉ፣ ለግምገማም አብረው ይመጣሉ። በእኛ ቢሮ ቋንቋ ይህ "መናበብ" ይባላል። በ1997 እና 1998 "ቅንጅት" የፓርቲ ስም ስለነበረ ቃሉን ቢሮ ውስጥ አንጠራውም ነበር፤ መናበብ የሚለው በዚያው ለመደብኝ።

ሳይናበቡ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን በአንዲት ምንጭ ልንገራችሁ። አንዱ ድርጅት ሲሚንቶውን ገዛ። ሌላው ቧንቧውን አመጣ። ሦስተኛው የውሃ ኮሚቴውን አሠለጠነ። ሰኔ ላይ ሦስቱም ሪፖርት ጠየቁን። ሦስቱም ቅጽ ላይ "አንድ ምንጭ ጎለበተ" ብዬ ሞላሁ፤ ሌላ የሚሞላ ሳጥን አልነበረውም። ዞን ላይ ሲደመር ሦስት ምንጭ ሆነ። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉት ግን እዚያችው አንዷ ጋ ነበር። ከአጠገቧ ሦስት ታፔላ ተተክሏል።

ብሔራዊ የድህነት ቅነሳ ስትራቴጂ የሚሉት የትኛውን ነው?

ስሙ ስለሚቀያየር ሰው ይደናገራል። የመጀመሪያው ከ1995 እስከ 1997 የነበረው የዘላቂ ልማትና ድህነት ቅነሳ ፕሮግራም ነው። ቀጥሎ ከ1998 እስከ 2002 ብዙዎቻችን በእንግሊዝኛ ምህጻሩ "ፓስዴፕ" የምንለው፣ ድህነትን ለማጥፋት የወጣው የተፋጠነና ዘላቂ ልማት ዕቅድ መጣ። ከዚያ ሁለቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች ተከተሉ፣ አንዱ ከ2003 እስከ 2007፣ ሌላው እስከ 2012። አሁን ያለንበት ከ2013 እስከ 2022 የሚዘልቀው የአስር ዓመት የልማት ዕቅድ ነው። ለጋሾች "ከአገሪቱ ዕቅድ ጋር እንጣጣማለን" ሲሉ በየጊዜው የሥራ ላይ ያለውን ማለታቸው ነው።

የመጀመሪያው ስትራቴጂ የተጻፈበት ምክንያት መታወቅ አለበት። የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዕዳ የከበዳቸው ድሃ አገሮች ዕዳቸው እንዲቃለል ከፈለጉ ድህነትን እንዴት እንደሚቀንሱ በጽሑፍ ያቅርቡ አሉ። ኢትዮጵያም አቀረበች፣ በሚያዝያ 1996 ደግሞ ለዕዳ ቅነሳው የሚያስፈልገውን መስፈርት አጠናቀቀች። ስለዚህ ሰነዱ ከጅምሩ ሁለት አንባቢ ነበረው፤ አንዱ የአገሩ ሰው፣ ሌላው አበዳሪው።

ወሎ ከዚህ ሁሉ ጋር ምን አገናኘው?

ብዙዎቹ ለጋሾች ኢትዮጵያን ያወቁት በወሎ በኩል ነው። የ66ቱ ረሃብ ወሎን ሲመታ መጀመሪያ ተደበቀ፣ ሲጋለጥ ግን ንጉሣዊውን ሥርዓት ለመጣል አንዱ ምክንያት ሆነ። በዚያው ሰሞን የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ስሙን ልብ በሉት፤ "ማስተባበሪያ" ይላል። እርዳታ ከየአቅጣጫው ሲመጣ የሚያገናኘው አንድ እጅ ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ በእኛው ሰው ሬሳ ላይ የተማርነው ነው። በ77 ደግሞ ኮረም፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፣ እና ባቲ ያሉት መጠለያዎች በዓለም ቴሌቪዥን ታዩ። በቀጣዩ ክረምት ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ተደረገ። ገንዘቡ ጎረፈ፣ ድርጅቱም ጎረፈ።

ከዚያ በኋላም ብዙዎቹ ቀሩ። በአካባቢ የመከፋፈል ልማድም መጣ። ለምሳሌ የስዊድኑ ሲዳ በአማራ ክልል የገጠር ልማት ፕሮግራሙን የሠራው በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ ነበር።

ሌላው ምክንያት በልግ ነው። የዋድላ፣ የደላንታ፣ የግዳን፣ የለጋምቦ ደጋ ገብሱን የሚያበቅለው በበልግ ዝናብ ነው። ዝናቡ ጥር መጨረሻ፣ የካቲት ላይ ይጠበቃል። ከቀረ ሰኔ ላይ የሚታጨድ የለም። ሰብሉ በመኸር የሚደርስለት አገር የሚያወጣው የእርዳታ ካላንደር ለእኛ ደጋ አይሆንም። ይህን ነገር ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ለጋሾቹ እነማን ናቸው? የሚገናኙትስ የት ነው?

አዲስ አበባ ላይ፣ ብዙዎቻችን "ዳግ" ስንለው በኖርነው የልማት አጋሮች ቡድን ይገናኛሉ። በ1993 የተቋቋመ ሲሆን ወደ 30 የሚጠጉ መንግሥታትና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች አሉበት፤ የዓለም ባንክ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ እና ሌሎችም። በሥሩ በጤና፣ በትምህርት፣ በግብርና፣ በውሃ እያሉ የሚሰበሰቡ ንዑስ ቡድኖች አሉ። ከመንግሥት በኩል የሚያነጋግራቸው በዋናነት የገንዘብ ሚኒስቴር ነው።

የሚተዳደሩበት መርሕ በየካቲት 1997 ፓሪስ ላይ የተፈረመው መግለጫ ነው። አምስት ነገር ይላል፦ የዕቅዱ ባለቤት አገሩ ይሁን፣ ለጋሽ በአገሩ ዕቅድና አሠራር ይሂድ፣ ለጋሾች እርስ በርስ ይስማሙ፣ በውጤት ይመዘን፣ ሁለቱም ወገን ይጠየቅ። እኔ የመጀመሪያውን ነው የማስቀድመው። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። ወረዳው ራሱ ያላመነበትን ዕቅድ ለጋሽ አክብሮ አይከተለውም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ገንዘቡ ወረዳ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?

ሦስት መንገድ አለ፤ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሰው "ቻናል" ይላቸዋል። ቻናል አንድ በገንዘብ ሚኒስቴር ገብቶ፣ ወደ ክልሉ ገንዘብ ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይወርዳል። ቻናል ሁለት በሴክተር መሥሪያ ቤት በኩል ነው፤ ለምሳሌ ከጤና ሚኒስቴር ወደ ጤና ቢሮ። ቻናል ሦስት ለጋሹ ራሱ፣ ወይም መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት እጅ፣ በቀጥታ የሚያወጣው ነው። የሦስተኛውን ሒሳብ ወረዳው ብዙ ጊዜ አያየውም። ሕዝቡ ግን "ወረዳው በላው" ሊል ይችላል፣ በደጁ ያለው ወረዳው ነዋ።

መናበብ ማለት በተግባር ከሦስት ወደ አንድ መጠጋት ነው። ጤናው "አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት" ብሎ ብዙ ርቀት ሄዷል። ጤና ኬላ ላይ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለአራት ፕሮጀክት አራት መዝገብ ከመያዝ ስትገላገል ለቤት ለቤት ጉብኝት ጊዜ ታገኛለች። ለእኔ ልዩነቱ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ሴፍቲኔት የማን ነው? የመንግሥት ወይስ የፈረንጅ?

ሴፍቲኔት በየዓመቱ ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ ብር ወይም እህል የሚሰጥበት ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ የመንግሥት ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከለጋሾች የሚመጣ ሲሆን ከፊሉ የዓለም ባንክ ብድር ነው። ሠራተኛው፣ መዋቅሩ፣ የተጠቃሚ ልየታው ግን የወረዳና የቀበሌ ነው። በ1995 ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ከሆነ በኋላ መንግሥትና ለጋሾች አንድ ላይ ተቀመጡ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ በየዓመቱ እንደሚራብ የምናውቀውን ሰው በየዓመቱ እንደ አዲስ አደጋ ለምን እንለምንለታለን? በጥር 1997 ሴፍቲኔት ተጀመረ። ሲጀመር ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ነበር። ወሎ ውስጥ ከደላንታና ከመቄት እስከ ቆቦና ሀብሩ፣ ከኩታበር እስከ ተንታ ገባ።

አሠራሩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። መሥራት የሚችል ቤተሰብ በዓመት ለ6 ወር ያህል፣ ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን ታስቦ፣ እርከን ይሠራል፣ ተፋሰስ ያለማል፣ መንገድ ያወጣል። መሥራት የማይችል፣ ሽማግሌው፣ አካል ጉዳተኛው፣ ሕመምተኛው፣ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጠዋል። ነፍሰ ጡርና አራስም ከአካፋው ትርቃለች። ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፣ በእህል ከሆነ 3 ኪሎ። በ2000 የእህል ዋጋ ሲንር 6 ብር ሦስት ኪሎ መግዛት አቃተው። ወደ 8፣ ከዚያም ወደ 10 ከፍ ቢልም ገበያው ቀድሞት ሄደ።

ለእኔ ሴፍቲኔት እስካሁን ካየሁት ሁሉ የተሻለው የመናበብ ምሳሌ ነው። ዘጠኝና አስር ለጋሽ በአንድ መመሪያ ይሠራ ነበር። አብዛኞቹ ገንዘባቸውን አንድ ላይ ያደርጋሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ከመንግሥት ጋር አብረው ይገመግማሉ። ከዚያ በፊት ሰባት መኪና በሰባት ቀን ይመጣብን ነበር፤ ያኔ ግን መኪኖቹ በአንድ ቀን ተሰልፈው መጡ። ቀልድ አይምሰላችሁ። አንድ የወረዳ ባለሙያ በእንግዳ መሸኘት የሚያጠፋው ቀን ከችግኝ ጣቢያው የሚጎድል ቀን ነው።

ጎረቤት ወረዳ ስንዴና ዘይት ሲሰጠው ለእኛ ብር የሚሰጠን ለምንድን ነው?

ለጋሹ ስለሚለይ ነው። የጋራው ቋት ብዙ ጊዜ ብር ነው። አሜሪካ ግን ድርሻዋን በዋናነት የሰጠችው በእህል ነበር፣ እሱም በቋቱ ሳይሆን መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች በኩል፤ በእኛ በኩል አመልድን (የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅትን) የመሰሉ ድርጅቶች ያከፋፍሉት ነበር። ስለዚህ የሁለት አጎራባች ቀበሌ ሰው በአንድ ፕሮግራም ሥር ሆኖ አንዱ ስንዴ፣ ክክና ዘይት፣ ሌላው ብር ይወስድ ነበር። መመሪያው አንድ፣ ኪሱ ሁለት ነው። ገበያው ርቆ እህል የማይገኝበት ቦታ እህል፣ ገበያ ያለበት ብር ይሻላል የሚል ሐሳብ ከጀርባው አለ። ድንበሩ ላይ ለምትኖር እናት ግን ይህ መልስ አይሆናትም፤ ዋጋ በወጣበት ዓመት ስንዴ ያገኘችው ጎረቤቷ ከሷ ይሻላታል።

ክፍያ ለምንድን ነው የሚዘገየው?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ካላንደሮቹን እዩ። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የአሜሪካ መስከረም 21 ግድም ይጀምራል። የእንግሊዝ መንግሥት መጋቢት መጨረሻ ላይ። የአውሮፓ ኅብረት ታህሳስ መጨረሻ ላይ። እያንዳንዱ ገንዘቡን የሚለቀው በራሱ ቀን ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር ከገባ በኋላ ክልል፣ ከክልል ወረዳ ይሄዳል። ወረዳው ደግሞ ያለፈውን ሒሳብ ካላወራረደ የሚቀጥለው አይለቀቅም። አንድ ወረዳ ሪፖርቱን ሲያዘገይ የክልሉ ድምር ይዘገያል፣ በሰዓቱ የላኩትም አብረው ይቀጣሉ። በወረዳው ውስጥም ሌላ ጣጣ አለ። የሥራ ቀን የተሞላበት የክፍያ ዝርዝር ከቀበሌ መምጣት አለበት፣ መጣራት አለበት፣ መጽደቅ አለበት። ገንዘብ ያዡ አንድ፣ መኪናው አንድ፣ ቀበሌው ሠላሳ ነው። በብዙ ቦታ ክፍያው በሞባይልና በባንክ መሆን ሲጀምር የመኪናው ችግር ቀለለ፤ የላይኛው ግን እንዳለ ነው።

አንድ የክፍያ ቀን አልረሳም። ሰው ከየጎጡ ሌሊት ተነስቶ ቀበሌው ግቢ ገብቷል። ጠዋት ላይ ገንዘቡ ከዞን እንዳልተላለፈ ሰማሁ፤ የምነግራቸው እኔ ነኝ። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ፣ የተጠቃሚ ካርዷን በላስቲክ ጠቅልላ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራለች። ፈትታ አሳየችኝ። ካርዱ ላይ አራት ወር ሠርታ ያልተከፈለችበት ይታያል። ከነጋዴ ሁለት ቁና ገብስ ተበድራ፣ ክፍያው ሲመጣ ልትመልስ ተስማምታለች። "አብሽሪ፣ ይመጣል" አላት ከኋላዋ ያለው ሽማግሌ። እሷ መልሳ ቋጠረችው። ያን ቀን በአዲስ አበባ ሪፖርት ላይ ወረዳችን "ሥራው 100 በመቶ ተጠናቋል" ይላል። ሥራው በእርግጥም ተጠናቋል።

"ተመርቀሃል" ተብዬ ወጥቻለሁ፤ ግን አልተለወጥኩም። አቤት የምለው ለማን ነው?

መጀመሪያ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። ልየታውን የሚሠራው የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ሲሆን ቅሬታ የሚሰማው ግን ከሱ የተለየ ኮሚቴ መሆን አለበት። ስም ሲለይ በሕዝብ ፊት መነበብ አለበት፤ ሳይነበብ የጸደቀ ዝርዝር ካለ ይህ ራሱ የቅሬታ ምክንያት ነው። ቀበሌው ካልፈታው ወደ ወረዳ ምክር ቤትና ወደ ምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳል። ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ቀኑን አስጽፉ። በቃል የተነገረ ቅሬታ ስብሰባው ሲበተን አብሮ ይበተናል።

መመረቅ ማለት አንድ ቤተሰብ ያለ ድጋፍ ዓመቱን ሙሉ መብላትና አነስተኛ ችግርን መቋቋም ሲችል ነው። ችግሩ የሚመጣው የምርቃት ቁጥር ከላይ እንደ ዕቅድ ሲወርድ ነው። ለጋሽም መንግሥትም ሰው ከድጋፍ እየወጣ መሆኑን ማየት ይወዳሉ፣ ሁለቱም አንድ ቁጥር ላይ ሲስማሙ የሚጨነቀው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። መናበብ ሁልጊዜ ለድሃው ይጠቅማል ብዬ የማላምነው ለዚህ ነው። ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲሳሳት የሚያርመው ይጠፋል።

ለጋሾችና መንግሥት ሲጋጩ ወረዳ ምን ይሆናል?

በ1998 አይተነዋል። ከግንቦት 1997 ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ቀውስ ለጋሾች ለፌዴራል መንግሥቱ በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። ወረዳ ላይ ያለን ሰዎች የጠየቅነው የመምህሩ ደመወዝ ከየት ይመጣል ብለን ነበር። በግንቦት 1998 የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ የተባለው ፕሮግራም ጸደቀ፤ እኛ "ፒቢኤስ" እንለዋለን። ገንዘቡ ወደ ክልልና ወረዳ የድጎማ በጀት ወረደ፣ ለመምህር፣ ለጤናና ለግብርና ሠራተኛ ደመወዝ ዋለ። ለጋሾቹ ተናበው አንድ መፍትሔ ባያመጡ ኖሮ ስንት ትምህርት ቤት ይዘጋ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ፒቢኤስ ሌላም ነገር አመጣ፤ የወረዳ በጀት በአደባባይ እንዲለጠፍ። መጀመሪያ ስንለጥፍ ሰው ቆሞ ያነብ ነበር። አንድ ገበሬ ለትምህርት የተመደበውን በጣቱ እየተከተለ አነበበና ወደ እኔ ዞሮ "ከዚህ ውስጥ የኛ ትምህርት ቤት ጣራ የቱ ጋ ነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አብዛኛው ደመወዝ ነበር፣ ለጣራ የቀረው ከቁጥር የማይገባ ነው። እንደዚያ ያለ ጥያቄ ቀድሞ ከማንም ቀርቦልኝ አያውቅም ነበር።

ሁሉም በአንድ ቧንቧ ከመጣ፣ ቧንቧው ሲዘጋስ?

ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው። ቅርብ ጊዜ ሦስቴ ደርሶብናል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ፣ ኮምቦልቻ ያለው የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘንም ተዘረፈ፣ ድርጅቱ በሁለቱ ከተሞች ማከፋፈሉን አቆመ። መዝገብና ኮምፒውተር በጠፋበት ወረዳ የተጠቃሚ ዝርዝር እንደገና ከቀበሌ ይለቀም ነበር። በሰኔ 2015 የምግብ እርዳታ ካለቦታው እየዋለ ነው ተብሎ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ማከፋፈል አቋረጡ፤ ለወራት ቆመ። በጥር 2017 ደግሞ አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ እርዳታን አገደ፣ ዩኤስኤአይዲም በዚያው ዓመት ተዘጋ።

ከሦስቱ የምማረው ነገር አለ። ስርቆት በተገኘበት ጊዜ የሰረቀው ተለይቶ መጠየቅ ሲገባው የተራበው ሁሉ አብሮ ተቀጣ። አብረው የሚሠሩ ለጋሾች የሚያቆሙትም አብረው ነው፤ ይህን አስቀድሞ አስቦ የመጠባበቂያ መንገድ ማዘጋጀት የመናበቡ አካል መሆን ነበረበት። ለምሳሌ ብሩ በጋራ ቋት ቢገባም ከእህሉ ጋር የማይተሳሰር መስመር ቢኖረው አንዱ ሲቆም ሌላው ያዘልቃል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ግን ሰኔ 2015 ላይ ባዶ መጋዘን ደጃፍ ቆሞ ለነበረ ሰው ከባድ ሐሳብ አይመስለኝም።

ድህነት ቀንሷል ይባላል። ያ በለጋሾች መናበብ ነው?

በመንግሥት ቆጠራ ከድህነት መስመር በታች ያለው ሕዝብ በ1988 45.5 በመቶ ነበር። በ1997 ወደ 38.7፣ በ2003 ወደ 29.6፣ በ2008 ወደ 23.5 ወርዷል። ለውጡ እውነት ነው፤ የጤና ኬላ፣ የገጠር መንገድ፣ ትምህርት ቤት የተስፋፋበት ጊዜ ነው። የግብርናው ዕድገት ትልቁን ድርሻ ይይዛል፣ እርዳታውም አግዟል። ምን ያህሉ ከመናበቡ ነው የሚለውን ነጥሎ መቁጠር አይቻልም። ደግሞም እነዚህ ቁጥሮች ከጦርነቱ በፊት ናቸው። ዛሬ ከዋድላ ወይም ከራያ የመጣ ሰው 23.5 ሲባል ቢሰማ የራሱን ቤት አያገኝበትም።

ወሎ ላይ እኔ የምመሰክረው ተራራውን ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አፈሩ በየክረምቱ ወደ ሚሌ የሚወርድበት ገደል ዛሬ እርከን ለብሶ ሣር ይታጨድበታል። ያ እርከን የተሠራው በሴፍቲኔት ሠራተኛ እጅ ነው። የለጋሹም፣ የመንግሥቱም ስም ቢለጠፍበት ያስማማኛል፤ ግን ድንጋዩን ተሸክመው ያወጡት ሰዎች ስም ከሁሉም ይቅደም እላለሁ።

አዲስ አበባ ባለው ስብሰባ ላይ ወሎን ወክሎ የሚናገር አለ?

በቀጥታ የለም። ጠረጴዛው ላይ ሚኒስቴርና ኤምባሲ ነው ያለው። ወረዳ የሚሰማው በክልሉ በኩል፣ ክልሉ በፌዴራሉ በኩል ነው። የጋራ ግምገማ ቡድኑ በዓመት ሲወርድ የተወሰኑ ቀበሌዎችን ይጎበኛል፤ ከተጠቃሚ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት ዕድል ያ ነው። ቀበሌያችሁ ከተመረጠ ዝም አትበሉ። ከባለሥልጣን ፊት ለመናገር ያፈራችሁትን ነገር ለሴቶች በተለየው ውይይት ላይ ማንሳት ይቻላል።

አንድ ጊዜ ቡድኑ እኛ ጋ መጣ። ሚያዝያ ነበር፣ በልጉ ቀርቷል። እንግዶቹ ግራር ጥላ ሥር ሰሌን ላይ ተቀመጡ፣ ቡና ተፈላ። ፕሮግራሙ እንዴት ነው ተብለው ሲጠየቁ ሁሉም አመሰገነ። መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው "ልጆቼ፣ አላህ ይስጣችሁ፣ የምትሰጡን ደግ ነው" አሉ። "ግን የምትከፍሉን ሐምሌ ላይ ነው። እኔ የምራበው ሚያዝያ ነው። ሐምሌማ ጎመኑም ይደርስልኛል።"

አስተርጓሚው ተረጎመ። ከእንግዶቹ አንዷ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፣ ሁለቴ አሰመረችበት። ከወራት በኋላ የግምገማው ሪፖርት ደረሰን። ያን ቀበሌ ፈልጌ አገኘሁት። "በአንዳንድ ቦታዎች የክፍያ መዘግየት ታይቷል" ይላል። ሚያዝያ የሚለው ቃል የለበትም።